በሬ ያልወጋው ክንድ

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ ለጌታነህ፤ እንዴት ሰነበትክ? ጤናህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? ከሁሉ በፊት ግን ክንድህ እንዴት ነው? ለምን እንደጠየቅሁህ አሁን ትረዳለህ። እኛ የልባችንን መሸበር ካልቆጠርነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። በስልክ የማይወራ ስለሆነብኝ ባሌ ቦልቴ ለንግድ ወደዚያ ሲመጣ በእጁ ሰደድኩልህ።

ርዕሰ ብሔር የሚመረጥ ዕለት፣ የምክር ቤት አባል ወንድሜን በቴሌቪዥን ላየው ብዬ እማዬን ይዤ ጎረቤታችን እታፈራሁ ቤት ሄድኩ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል፤ የቀበሌው ሹም አንጁሎም ከፊት ተቀምጧል። አንተ ብቅ ስትል እማዬ እልል አለች። ከዚያ እጩውን የሚደግፉ እጃቸውን እንዲያወጡ ተጠየቀ። ኧረ ወንድሜ! የፓርቲህ ሰዎች ከፊትህም ከኋላህም እጃቸውን ሲያወጡ ያንተ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። አንጁሎ ዞሮ አየን።

ይኼኔ እማዬ ምን ብትል ጥሩ ነው? ውይ ልጄን፣ የመስቀል በሬ ሲጣል ክንዱን ወግቶት እኮ ነው፣ እንኳን ወደ ላይ ሊያነሳው አይጎርስበትም፣ አለች። ሰዉ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። በድንጋጤ የረሳችው ግን፣ አንጁሎ ዘንድሮ ቅርጫ አብሮን ገብቷል። በሬው ሲጣል ገመዱን የያዘው እሱ ነበር።

ትናንት ቤት ድረስ መጣ። የጌታነህ ክንድ ተሻለው ወይ አለኝ። እየታሸ ነው አልኩት። ገመዱን እኮ የያዝኩት እኔ ነበርኩ ብሎ ፈገግ አለና ውሃ ጠጥቶ ሄደ። ቦልቴ፣ ከአንድ በሬ የተካፈለ ሰው አይከዳም ይለኛል። እኔ ግን ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ስለ አንተ ሊመረምሩን የመጡ ይመስለኛል። ለምን እንዳላወጣህ አልጠይቅህም፤ አንተ ታውቃለህ። ብቻ በእመቤቴ፣ ክንድህን በጨርቅ እሰረው፤ የጠየቀህ ካለ በሬ ወጋኝ በል። ይህንንም አንብበህ ቅደደው።

ልጄ ሃይሚ፣ አጎቴ መቼ ይመጣል እያለች ጉንጭህን ትስማለች። እታፈራሁም ሰላም ብላሃለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቴሌቪዥን ስትከፍት በሯን ትዘጋለች። እማዬ ከመስቀል የተረፈውን ቅቤ ለክንድህ መታሻ ብላ ልካለች። ደህና ክንድ መሆኑን አታውቂም ወይ ብላት፣ ደህና ስለሆነ ነው የምፈራው አለችኝ።

እህትህ ፀደንያ
ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2000 ዓ.ም.