ቁልቁለቱ ላይ ስለተነሳው እጅ

ለተከበሩ አቶ መልከጼዴቅ ወልደሚካኤል
የዊንድሚል ቤንድ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? አዲሱ ትልቅ መኪናዎስ እንዴት ነው? መቀመጫው ብቻ ሳይሆን መሪውም ጭምር ራሱን እንደሚያሞቅ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ በዚህ አገር ውርጭ የሊቀመንበራችን እጅ ሳይደነዝዝ መሪ እንደሚጨብጥ ማወቅ ለጎረቤት ትልቅ እፎይታ ነው። እኛም፣ ማለትም እኔ አባይነህና ልጄ ሔቨን፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ሦስት ነበርን፤ አሁን ሁለት ሆነን አለን።

ይህን ደብዳቤ በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ላይ ለማውጣት የተገደድኩት በስብሰባ ላይ እጄን ባወጣሁ ቁጥር ሰዓቱ እያለቀ እርስዎን ስላስቸገርኩ ነው። በአማርኛ የጻፍኩትም ከቦርዱ አባላት መካከል አማርኛ የሚያነቡት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ የሌሎቹን ውድ ጊዜ ላለማባከን ብዬ ነው።

ሰፈራችንን ለማያውቁ አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገራቸው። ቤቶቻችን ያሉት ከፍታ ላይ ነው፤ መውጫችን ደግሞ አንድ ቁልቁለት ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ሲያልቅ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ መታጠፍ ያልቻለ መኪና የዝናብ ውሃ ወደሚጠራቀምበት ኩሬ ይገባል። ከኩሬው ማዶ ቤተ ክርስቲያናችን ይታያል፤ ድሮ የሶፋ መጋዘን የነበረው፣ አሁን ጣሪያው ላይ መስቀል የቆመበት። መንገዱ የማኅበሩ የግል መንገድ በመሆኑ የሚጠርገውም ማኅበሩ ነው። ባለፈው ዓመት የታኅሣሥ ገብርኤል ጠዋት ባለቤቴ ሰርካለም ለማስቀደስ በትንሿ መኪናዋ ስትወርድ በረዶው አንሸራቶ ኩሬው ውስጥ ከተታት። በሕይወት አልወጣችም።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. ማኅበሩ ከአደጋው በኋላ በየቤታችን በር ላይ ስላንጠለጠለልን ባለ ቀለም የክረምት አነዳድ ምክር ከልብ አመሰግናለሁ። በረዶ ላይ ቀስ ብለው ይንዱ፣ ፍሬን በድንገት አይርገጡ፣ ከፊት ካለው መኪና ራቅ ይበሉ፣ መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ይጥረጉ፣ ሁለቱንም እጅዎን ከመሪው አያንሱ ይላል። ሰርካለም ብታነበው ኖሮ ምንኛ ደስ ባላት፤ ይህን ሁሉ ለዓመታት ስታደርገው የኖረች ሴት ነበረችና። ሴንትራል ፓርክ በሚባለው ጎረቤት ሰፈር አረጋውያንን ትንከባከብ ስለነበር ሰማዩ የጣለውን ቢጥል ከሥራ ቀርታ አታውቅም። መኪናዋ ትንሽና ቀላል መሆኗን ስለምታውቅ ገና ኅዳር ሲገባ የበረዶ ጎማ ታስገጥማለች፤ ከኋላ አካፋ፣ ብርድ ልብስና አንድ ባልዲ አሸዋ አይጠፋም። ሌላው ሰው ከመስታወቱ ላይ አንዲት ቀዳዳ ፍቆ በዚያች እያጮለቀ ሲሄድ እሷ የጣሪያውን በረዶ ሳይቀር ሳትጠርግ ሞተር አታንቀሳቅስም። ከአዲስ አበባ አዲስ የመጣ ጎረቤት ሁሉ በረዶ ላይ መንዳት የተማረው ከእሷ ነው። ባዶ ፓርኪንግ ትወስደውና መኪናው ሲንሸራተትበት እግሩን ከነዳጁ ላይ እንዲያነሳ፣ መሪውን መሄድ ወደሚፈልግበት ቀስ አድርጎ እንዲያዞር፣ እንዳይደነግጥ ታስተምረዋለች። ክቡርነትዎ ሥራ ስለሚበዛብዎት ረስተውት ይሆናል እንጂ፣ ባለቤትዎን ወይዘሮ ፀዳልንም ያስተማረችልዎት እሷ ነበረች።

2. ማኅበራችን ጠራጊ መኪና የሚያዝዘው የበረዶው ውፍረት ሦስት ኢንች ሲደርስ ብቻ መሆኑን በግልጽ ደንብ ስላሰፈሩልን አመሰግናለሁ። ችግሩ ሰርካለምን የገደለው በረዶ ውፍረት አልነበረውም። የኮሎራዶ ፀሐይ እንደሚያውቁት ለጋስ ናት፤ ሌሊት የወረደውን በረዶ ቀን ታቀልጠዋለች። የእኛ ቁልቁለት ግን ፊቱ ወደ ሰሜን ስለሆነና የስብሰባ አዳራሹ ጥላ ሲያርፍበት ስለሚውል የቀለጠው ውሃ እዚያ ድረስ ወርዶ ይረጋል፤ ሲመሽ መስታወት ይሆናል። ብላክ አይስ፣ ጥቁር በረዶ ይሉታል። የራሱ ቀለም ግን የለውም፤ ከሥሩ ያለውን አስፋልት ስለሚያሳይ ሰው እርጥብ መንገድ ነው ብሎ ይወርድበታል። እኔ ማስመሪያ ይዤ ተንበርክኬ ለመለካት ሞክሬያለሁ፤ ማስመሪያው ላይ ምንም አይነበብም። ስለዚህ በዚያ ጠዋት ማኅበሩ ከደንቡ ያጎደለው አንዳች ነገር እንዳልነበረ በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ።

3. በኩሬው ዳር ለሰርካለም መታሰቢያ ያቆምኳትን በብርጭቆ ያለች ሻማና ነጭ ሪባን ወቅቱ ያለፈበት የበዓል ጌጥ ናት ብላችሁ በማስጠንቀቂያ ስላስነሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ገና ካለፈ በኋላ ጌጥ ማቆየት የሰፈሩን ገጽታ እንደሚያበላሽ አላወቅኩም ነበር።

4. ይህ ዋናው ነው፤ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

በፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ የተሰቀለው የማኅበሩ ካሜራ ያን ጠዋት የቀረጸውን በአዳራሹ ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ለጎረቤት ሁሉ ስላሳዩልን፣ ለዝግጅቱም ብስኩት ስላስቀረቡ ውለታዎን መቼም አልረሳም። ሚስቱ ወደ ሞት ስትወርድ በዚያን ያህል ስፋት፣ በዚያን ያህል ጥራት የማየት ዕድል የገጠመው ባል ብዙ አይመስለኝም። ምስሉ ላይ መኪናዋ ከላይ ትመጣለች፤ ከዚያ ነጭ ነጠላ የለበሰ ክንድ ከመሪው ተነስቶ ወደ ግንባር ሲሄድ ይታያል፤ ከዚያ መኪናዋ ከምስሉ ትወጣለች። አንዲት ጎረቤት፣ ሴትዮዋ ምን እያደረገች ነው ብላ ስትጠይቅ፣ እርስዎ ተነስተው በጥሩ እንግሊዝኛ መለሱላት። «ስልክ እያወራች ነበር» አሉ። ሁሉም እፎይ አለ። ስህተቱ የሹፌሯ ከሆነ መንገዱ ምንም አይጎድለውም ማለት ነው፤ አሸዋም አጥርም አያስፈልገውም። ቦርዱም በዚያው ምሽት በአንድ ድምፅ እንዲሁ ወሰነ።

ጎረቤቶቻችን ባያውቁት አልፈርድባቸውም። እርስዎ ግን የሰበካ ጉባኤያችን አባል ነዎት። የእኛ ሰው በቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ ምን እንደሚያደርግ ሊጠፋዎት አይችልም። አገር ቤት ሚኒባስ የሚያበር ሹፌር እንኳን አንድ እጁን ለቆ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ተሳልሞ ነው የሚያልፈው። እኛም ያን ልማድ ይዘነው መጥተን፣ ከቁልቁለቱ ላይ መስቀሉ ብቅ ሲል እጃችን ሳናዝዘው ይነሳ ነበር፤ የእርስዎም እጅ ሲነሳ ስንት ጊዜ ከኋላዎ እየነዳሁ አይቻለሁ። ያን እጅ ስልክ ያሉት ስላላወቁት አልነበረም። በፈረንጅ ፊት ማስረዳት ስላሳፈረዎት ይመስለኛል።

እኔም ከእርስዎ ብዙ አልተሻልኩም። ስልክ አለመሆኑን ባውቅም፣ የገደላት ግን ያ መሳለም ነው ብዬ አምኜ ብዙ ወራት ተብከነከንኩ። ቤተ ክርስቲያኑን ቀና ብዬ ማየት ጠላሁ። ሰፈራችንም እንደኔ ሆነ፤ አሁን ቁልቁለቱን የሚወርድ አበሻ ሁሉ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ፣ ዓይኑን አስፋልቱ ላይ ተክሎ በመስቀሉ ሥር እንደማያውቀው ሰው ያልፋል።

ሔቨን ምስሉን ለማየት እንቢ ብላ ነበር። በዚህ ዓመት የጾመ ነቢያት ሰሞን አንድ ቀን ከኮሌጅ መጥታ አጠገቤ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ለቤተሰብ መረጃ ይሆናል ብለው የላኩልንን ቅጂ እንድከፍትላት ጠየቀችኝ። እያቆመች፣ እየመለሰች፣ እንደገና እያቆመች አየችው። ከዚያ ቴሌቪዥኑን በጣቷ ነካች።

«ዳዲ፣ ሉክ» አለችኝ። «መኪናው ኦልሬዲ ስላይድ እያደረገ ነው። እጇ ገና መሪው ላይ ነው። ሁለቱም።»

እውነት ነበር። የመኪናዋ ኋላ ወደ ቀኝ ሲሄድ የሰርካለም ሁለት እጅ መሪው ላይ ነው። መሪውን ቀስ አድርጋ ስታዞር ይታያል፤ ልክ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ እንደምታስተምረው። መኪናዋ አልሰማቻትም። እንደገና ሞከረች። ያ ክንድ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው፤ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ጎኗን ሰጥታ፣ መሪው ሊያደርግላት የሚችለው ነገር ሁሉ ካለቀ በኋላ። አዳራሽ ውስጥ ከሃምሳ ሰው ጋር ተቀምጬ ያላየሁትን ልጄ አሳየችኝ። ያን ቀን አለቀስኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልናደድ አለቀስኩ።

5. ስለ አሸዋው። ሰርካለም ከኋላ ትይዘው የነበረው ባልዲ ከመኪናዋ ጋር ከኩሬው ወጥቶ ተሰጥቶኛል። ውርጭ በሆነ ቁጥር በዚያ ባልዲ አሸዋ ይዤ ወጥቼ መታጠፊያው ላይ እበትናለሁ። እናንተም አስፋልቱን በማቆሸሽ ሁለት ማስጠንቀቂያ ጽፋችሁልኛል፤ ሁለተኛው በእጅዎ የተፈረመ ስለሆነ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። የበተንኩትን እንድጠርግ ታዝዣለሁ። እየጠረግኩ ነው፤ ግን ዕድሜዬ ገፍቷልና ቀስ እያልኩ ነው።

ሔቨን ከየካቲት ጀምሮ ሆስፒታል የጠዋት ሥራ ትገባለች። የምትነዳው እንደ እናቷ ትንሽ መኪና ነው፤ የምትወርደውም በዚያው ቁልቁለት፣ በዚያው ሰዓት ነው። እኔ ከእንግዲህ የምፈራው ይህን አንድ ነገር ብቻ ነው። በቤቴ በር ላይ ካሜራ አስገጥሜያለሁ፤ ቁልቁለቱን በሙሉ ያያል። ሰው ሲያልፍ ስልኬ ይጮሃል፤ «ሰው ታይቷል» ይለኛል። ውርጭ በሆነ ጠዋት፣ ሰርካለም ትወጣበት በነበረው ሰዓት ይጮሃል። ስከፍተው ማንም የለም፤ ቁልቁለቱ ብቻ ያብረቀርቃል። ሻጩ ካሜራው በብርሃን ነጸብራቅ ተሳስቶ ነው ብሎኛል፤ ይሆናል። ሔቨንም አንድ ቀን ጩኸቱን ሰምታ ማን ነው ስትለኝ ማንም አይደለም አልኳት። አላመነችኝም፤ እኔም ራሴን አላመንኩትም። ግን ልነግርዎ የምፈልገው፣ በጮኸ ቁጥር ባልዲውን አንስቼ እወጣለሁ።

ስለዚህ የምለምነው ቀላል ነው። ያ እጅ ስልክ እንዳልያዘ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ጥሩ እንግሊዝኛ ተነስተው ይናገሩልኝ። እሱ ከተነገረ ቦርዱ መንገዱን እንደገና ለማየት ይገደዳል፤ አሸዋው በማኅበሩ ስም ይበተናል፣ ኩሬውም አጥር ያገኛል። ልጄም ስትወርድ እኔ በመስኮት ቆሜ ትንፋሼን አልይዝም።

ለሰፈራችን ውበት ሌት ተቀን ለሚደክሙት ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ደረቅ አስፋልትና ሞቃት መሪ እየተመኘሁ፣ ሁለቱም የአሸዋ ማስጠንቀቂያዎች በክብር እንደደረሱኝ በድጋሚ አረጋግጣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አባይነህ
የሟች ሰርካለም ባል፣ የሔቨን አባት፣ ያልተፈቀደ አሸዋ በታኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው የአስተርእዮ ማርያም ጠዋት ስልኬ እንደ ልማዱ «ሰው ታይቷል» አለኝ። ከፈትኩት፤ ያን ቀን ግን በእርግጥ ሰው ነበረ። አዲሱ ትልቅ መኪናዎ ጎኑን ሰጥቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ጠርጌ ካልጨረስኩት የሰርካለም አሸዋ ላይ ደርሶ ከኩሬው አንድ ክንድ ሲቀረው ቀጥ ሲል ካሜራዬ አሳምሮ ይዞታል። እንኳን ማርያም አተረፈችዎ። ባልዲዬን ይዤ ስደርስ ቀና ብለው ሳያዩኝ ስለሄዱ ይህን ሳልልዎት ቀርቻለሁ። ምስሉን በአዳራሹ ቴሌቪዥን ለማንም አላሳይም፤ ብስኩትም አላዝዝም። አንድ ነገር ብቻ እንዲነግሩኝ እለምናለሁ፤ ሁለቱም እጆችዎ ከመሪው ተነስተው ወደ ላይ ተዘርግተዋልና፣ ያኔ እርስዎ ማን ጋ እየደወሉ ነበር?