ያልሆንኩትን አልፈርምም

ይድረስ ለእህት ዓለሜ ለራሂማ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የጅዳው ሙቀትስ በረደልሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። የፎገራ ሩዝ እየታጨደ ስለሆነ የሱቃችን ደጃፍ በጆንያ ተሞልቶ መግቢያ አጥተናል።

«ፈርመህ ወደ ኳስህ ተመለስ፤ ምን ያኮራሃል?» ያልሽው የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። አልደብቅሽም፣ ተናድጃለሁ። ነገሩን ከወሬኛ ሳይሆን ከእኔ ስሚው።

ጥቅምት ላይ ለአባየ ሙት ዓመት ሰደቃ ከክለቡ ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። ሼህ መሐመድአወል ዱዓ አድርገው ሲያበቁ ከፊታቸው ካለው ጫት ቀንጥበው ሰጡኝ። አባየን ሲሞት ያጠቡት እሳቸው ናቸው፤ እጃቸውን እንዴት እመልሳለሁ? ቃምኩ። በማግስቱ ከጨዋታ በኋላ ሽንቴ ተመረመረና ጫቱ ተገኘብኝ።

ሊጉ ስድስት ወር አገደኝ። ደንብ ነው፣ አልተከራከርኩም። ከዚያ ግን አንድ ወረቀት ሰጡኝ። የዕፅ ሱሰኛ መሆኔን አምኜ ሕክምና ለመግባት ከፈረምኩ እገዳው አንድ ወር ብቻ ይሆናል። ሱስ ያለበት ይታከም፣ እሰየው። በዕድሜዬ አንድ ቀን የቃምኩትን እኔን ግን ምኔን ሊያክሙኝ ነው? ዘመኑ የሚባለው በካምፕ አብሮኝ የሚያድረው የቡድን ጓደኛዬ ሰክሮ ልምምድ ላይ ሲወላገድ «ሂድና ተኛ» ብቻ ነው የተባለው። ማልያችን ደረት ላይ የቢራ ስም ተጽፎ፣ ሱሰኛው እኔ!

ሼሁ ይህን ሲሰሙ «የሰጠሁት እኔ ነኝ ብዬ ልመስክር» ብለው ከዘራቸውን አነሡ። በስንት ልመና አስቀመጥኳቸው። በዚህ ዕድሜያቸው ማንም የቢሮ ጎረምሳ አያመናጭቃቸውም። ባልቅም ኖሮ ይቀየሙኝ እንደነበር ስጠይቃቸው ግን ሳቁብኝ። «ተቀብለህ፣ አሚን ብለህ፣ ለጎንህ ሰው ማሳለፍ ነበር እንጂ» አሉኝ። ጥፋቴ ይሄ ነው፤ አስቀድሜ አለመጠየቄ። ለእሱ ስድስት ወሩን እቀጣለሁ።

ክለቡ በረኛነቴን ለሌላ ሊሰጥብኝ ይችላል። ይስጥ። በየጠዋቱ በሐሙሲት መንገድ እየሮጥኩ ነው፤ እግሬን ያገደው የለም።

እማየ ወረቀቱን አንብብልኝ ብላኝ አነበብኩላት። «የአባትህን ዱዓ ነው ሱስ የሚሉት?» አለች። በዚያው ቀን ሳልፈርም መልሼ ላክሁት። አሁንም ፈርም ትይኛለሽ?

እማየ ዓይንሽን ስማ አትጠግብም። ታናሻችን ሂክማ አድጋለች፣ የሱቁን ሚዛን ለብቻዋ ይዛለች፤ ሰላም ብላሻለች። ሼህ መሐመድአወልም ዱዓ አድርገውልሻል፤ አሚን በይ።

ወንድምሽ አብዱልአሊም
ወረታ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.