«የሚሰረዝ» ያልኩት ፎቶ

ጥቅምት 12፣ ሐይቅ

ራሴን ተጸየፍኩት ዛሬ። አክስቴ ዘይነባ የሟች ባሏን ፎቶ ፈልጊልኝ ብላ ከአርዲቦ ድረስ መጣች። እሷ እጅ አንድም የለም። እኔ ደግሞ ኮምፒውተሬ ላይ ያለውን ፎቶ ሁሉ በታግ፣ በመለያ ቃል፣ ለይቻለሁ እያልኩ ስኮራ ነው የከረምኩት። «ሰርግ» ብዬ ፈለግኩ፤ የለም። «ቤተሰብ» አልኩ፤ እዚያም የለም። የተገኘው «የሚሰረዝ» ካልኳቸው መሃል ነው። ባሏ በእህቴ ሰርግ ሁለት እጁን ዘርግቶ ለዱዓ ሲነሳ ሙሽራዋን ስለጋረዳት፣ ፎቶ አበላሸ ብዬ ታጉን እኔው ነኝ የለጠፍኩበት። የተረፈውም ለመሰረዝ ስለሰነፍኩ ነው።

አክስቴ ማንበብ አትችልም። ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ምን ይላል ልጄ?» አለችኝ።

«ቤተሰብ ይላል» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ፣ አልረሳችሁትም» ብላ መረቀችኝ። እስካሁን አፌን እሬት እሬት ይለኛል።