የመምህር አግደው ውበቱ ዕረፍትና የሰቆቃወ ኤርምያስ ትርጓሜያቸው

የቂርያት ጋት የአማርኛ ንባብ ማኅበር፣ ነባር አባሉ መምህር አግደው ውበቱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱና ለከተማው ነዋሪ ሲያስታውቅ ከባድ ሀዘን ይሰማዋል። ያረፉበትን ቀን በትክክል መግለጽ አልቻልንም። ባለፈው ማክሰኞ እንደ ልማዳቸው ወደ ማኅበሩ ሳይመጡ ቀሩ፤ ከእኛ መካከል ስልክ የደወለ አልነበረም። ሐሙስ ጠዋት ጎረቤታቸው ኢንባል በራቸውን አንኳኩታ መልስ ስታጣ ፖሊስ ጠራች። ሐኪሙ ካረፉ ሁለት ቀን ሳይሆናቸው እንዳልቀረ ተናግሯል።

መምህር አግደው በ1954 እ.ኤ.አ. በጎንደር አካባቢ ተወለዱ። አያታቸው ከቤተ እስራኤል ወገን ሆነው የተጠመቁ ስለነበሩ በክርስትና አደጉ፤ የተማሩትም በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው።

ከ1984 እስከ 2006 በአዲስ አበባ በአንድ የካቶሊክ ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ዕብራይስጥንና የብሉይ ኪዳን መጻሕፍትን አስተማሩ። ካህን አልነበሩም።

በ1999 ትምህርት ቤቱ የዕብራይስጥ ቅዱሳት መጻሕፍትን በአማርኛ የሚያብራራ ተከታታይ የጥናት መጽሐፍ ለማሳተም ሲነሳ፣ ሰቆቃወ ኤርምያስ ለመምህር አግደው ተሰጠ። አምስት ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ በሁለት ዓመት ያልቃል ተብሎ ነበር። እርሳቸው ግን እያንዳንዱን ቁጥር ከዕብራይስጡ ወደ ግዕዙ፣ ከግዕዙ ወደ ግሪኩና ወደ ላቲኑ እያመሳከሩ፣ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ያሉትን ዕብራይስጡ ከሚለው ለይተው ስለሚጽፉ ሥራው ሃያ አምስት ዓመት ወሰደ። “ባዳድ” (“ብቻውን”) ለሚለው አንድ የዕብራይስጥ ቃል ብቻ አሥራ አራት ገጽ ጽፈዋል። ከዚያ ውስጥ እንዲህ የሚል ይገኛል፦ “ብቻውን ማለት ሰው የሌለው ማለት ብቻ አይደለም። ጎረቤት እያለው የሚጠራው ያጣም ብቻውን ነው።”

በ2006 ባለቤታቸውን በሞት ባጡ በዓመቱ ወደ እስራኤል ገቡ። ልጅ አልነበራቸውም። ወደ አያቶቻቸው እምነት የመመለሱን ሥርዓት ሲፈጽሙ፣ የቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ሰው መጽሐፍ በተከታታዩ ውስጥ ሊታተም እንደማይችል በትሕትና ጻፈላቸው። ሥራውን አላቋረጡም።

ከ2007 እስከ 2021 በከተማችን የኢንዱስትሪ ቀጠና በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ በማሸጊያ ክፍል ሠሩ። እዚያ የነበሩ ባልደረቦቻቸው ስለ መጽሐፉ የሰሙት ከቀብራቸው በኋላ ከእኛ ነው።

በ2019 ለማኅበሩ ኮሚቴ አንድ ጥያቄ አቀረቡ፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ከትርጓሜያቸው እንዲያነቡ። የዕለቱን ቃለ ጉባኤ ሳንሸሽግ እዚህ እናሰፍራለን። ሊቀመንበራችን አቶ ሞርደካይ፣ “መምህር፣ እርስዎን እናከብራለን። ግን የካቶሊክ ትርጓሜ እዚህ ቤት ቢነበብ ሰው ምን ይለናል?” አሉ። መምህር አግደውም፣ “ልክ ነዎት። እዚያም አላስገቡትም” ብለው ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ። ቃሉ በዚህ መግለጫ እንዲጻፍ የጠየቁት ራሳቸው አቶ ሞርደካይ ናቸው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ መምህር አግደው እንደ ወትሮው መጡ። ከቢቱዋህ ሌኡሚ፣ ከብሔራዊ መድን መሥሪያ ቤቱ፣ የሚመጣውን ደብዳቤ ለሽማግሌዎቻችን እያነበቡ፣ ቅጹን እየሞሉ ስድስት ዓመት አገለገሉ። ያንን ጥያቄ ዳግመኛ አላነሱትም፤ እኛም አላነሳንላቸውም። ትርጓሜውን ባለፈው ዓመት እንደጨረሱ ያወቅነው ቤታቸው ገብተን የመጨረሻውን ደብተር ስናይ ነው።

ቀብራቸው አርብ ተፈጸመ። ለሟች ለሚደርሰው የቀዲሽ ጸሎት አሥር ወንድ ያስፈልጋል፤ የተገኘነው ሰባት ነበርን። ሦስት ሰዎች ከሌላ ቀብር ተለምነው መጡልን። የሟቹን ስም ጠይቀው፣ ጸሎቱን አብረውን አድርሰው ሄዱ።

ኮሚቴው ትናንት ተሰብስቦ ትርጓሜው የተጻፈበትን አሥራ አንድ ደብተር በንባብ ክፍሉ ለማኖርና በየማክሰኞው ለማስነበብ ወስኗል። ውሳኔው የዘገየ መሆኑን እናውቃለን፤ ለዚህም ምስጋና አንጠብቅም።

ማኅበሩ ጎንደር ለሚኖሩት እኅታቸው ለእትዬ ጌጥነሽ ውበቱ፣ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸውና ደብዳቤ ላነበቡላቸው አረጋውያን ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። እትዬ ጌጥነሽ በስልክ ሲረዱ አስቀድመው የጠየቁት፣ “ማን አለቀሰለት? ቤቱ ሰው አለ?” የሚል ነበር። ጸሐፊያችን ይሁዲት ልቧ አልችል ብሏት፣ “አይዞዎት እትዬ፣ ቤቱ ሙሉ ነው” አለቻቸው።

ቤቱ ሙሉ አልነበረም። ይሁዲትና ኢንባል ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ይህ መግለጫ ሰኞ ሲወጣ የሰባቱ ቀን ሀዘን ገና አላበቃም፤ እስከ ሐሙስ ጠዋት በሩ ክፍት ነው። እባካችሁ ኑ፤ ለእኅታቸው የተነገረው እውነት ይሁን።

የቂርያት ጋት የአማርኛ ንባብ ማኅበር ኮሚቴ