ቁልቁለቱ ላይ የተከሰሰው ቋሊማ

አልቫኒ፣ ነሐሴ 14 ቀን

ውድ እማዬ፣

እዚያ ጣሊያን፣ ባሪ፣ ሙቀቱ በርትቷል አሉ፤ አንቺና የምታስታምሚያቸው አሮጊት እንዴት ናችሁ? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። እንዲህ ብዬ የጀመርኩት አክስቴ ጺጺኖ ቀድማኝ ሳትደውልልሽ አትቀርም ብዬ ነው። የላክሽው ቋሊማ ሊገድለን ነበር ትልሻለች። እሷ ያላየችውን እኔ ልንገርሽ።

እሑድ ለበዓሉ ወደ ቱሼቲ ተራራ፣ ወደ ኦማሎ ስንወጣ የላክሽውን ካርቶን እንደታሸገ ጫንነው። ዘመድ በተሰበሰበበት ይከፈት ያለችው ጺጺኖ ናት። መኪናው በተሳፋሪ ሙሉ ነበር፤ አባዬ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። አባኖ ተራራ አናት ላይ፣ ገደል የገቡት ሾፌሮች ፎቶ ጋ፣ እንደ ወትሮው ወርደን አረቄ አፈሰስንላቸው። ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ።

የአባዬን ሕግ ታውቂዋለሽ፤ መንዳት ሲያስተምረኝ ያደነቆረኝ ነው። "በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ። መኪናውን ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን ለመቆም ነው እንጂ ለመውረድ አይደለም።" ያን ቀን ግን በሦስተኛ ማርሽ ነበር የሚወርደው። ከባዱን ማርሽ፣ አንደኛን፣ አላስገባህም ስለው፣ "ሞተሩ ይዞታል ባክሽ፣ ቀስ ሲል አታይም?" አለኝ። እውነትም ቀስ ይል ነበር። ወደ ታች ሳይ እግሩ ፍሬኑ ላይ ነው።

"አባዬ፣ እግርህ።"

"እግሬ ምን ሆነ? ወለሉ ላይ ነው።"

ጎንበስ ብሎ አየ። የስኳር በሽታው እግሩን ማደንዘዙን ያወቅኩት ያኔ ነው፤ እሱ ቀድሞ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። የተቃጠለ ፍሬን ሸተተን። መታጠፊያው ላይ ሲረግጠው ፔዳሉ እስከ ታች ሰመጠ። ሁለተኛ አስገባ፣ ከዚያ በግድ አንደኛ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ እኔ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። መሪውን ወደ ተራራው አዞረና ግድግዳው ላይ ተለጥፈን ቆምን። በሌላው በኩል ያለውን ታውቂዋለሽ።

ጺጺኖ ከኋላ ጮኸች። "የአሳማ ሥጋ የያዘ ሰው አለ! ወደ ቱሼቲ አሳማ ይዞ የሚወጣን መንገዱ አይምርም፣ ስንቴ ልናገር! ፍቱ ሻንጣችሁን!"

ሁሉም ተፈተሸ። በመጨረሻ ካርቶንሽ ተከፈተና የአሳማ ቋሊማው ከካልሲዎቹ መሃል ወጣ።

"ይቺ ሴትዮ ጣሊያን ገብታ ጭራሽ ረሳችን!" አለች ጺጺኖ።

ሰዉ ሁሉ ቀለል አለው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? እታች አልቫኒ እንዲበላ ብለሽ እንደላክሽው፣ ወደ ተራራው ያወጣነው እኛ እንደሆንን አውቃለሁ፤ ግን ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። አባዬ ግን ገደል ይወርወር ሲሉ "ተዉት" ብሎ ራሱ ወስዶ ድንጋይ ሥር ሸጎጠው።

ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ልንነሳ ስንል ቁልፉን ሰጠኝ። "አንቺ ንጂ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ማን ምን እንደጫነ እፈትሻለሁ። ሰው አይታመንም።" ጺጺኖ አጨበጨበች። በከባዱ ማርሽ፣ በአንደኛ፣ እግሬን ከፍሬኑ አንስቼ ወረድኩ። አንዴም አላረመኝም። ያን ቀን ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው።

አሁን ጠዋት ጠዋት የተሳፋሪዎችን ሻንጣ እያስፈታ ይሰድባቸዋል። ደስ ብሎታል አልልሽም፤ ግን ማንም አልሳቀበትም። ስለዚህ እማዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ጺጺኖ ስትወቅስሽ አትከራከሪያት። እውነቱ ከተነገረ "ማነው አይችልም ያለኝ?" ብሎ ቁልፉን ይቀማኛል። ጥፋቱን አንቺ ተሸከሚልን። በሰው አገር እየደከምሽ ይህን መጫኔ አሳዝኖኛል።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ፣ ድንጋዩ ጋ "አቁሚ" አለኝና ቋሊማውን አወጣ። ይዘነው አባኖን ተሻገርን፤ ምንም አልሆንንም። ትናንት በረንዳው ላይ እየቆራረጠ ብቻውን ሲበላ አገኘሁት።

"ለእናትሽ ስትጽፊ ይጣፍጣል በያት" አለኝ። አንድ ቁራጭ ጨምሮ ቆረጠና፣ "ሌላ ግን አትላክ። ራሷ ትምጣ።"

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ለአሮጊቷም ምሕረት ያውርድላቸው። ስትመጪ መኪናውን ነድቼ የምቀበልሽ እኔ ነኝ።

ልጅሽ ኤቴሪ