እንድሪስ ያደባለቀው ባሕር

ጥር 12

ልጄ ሀፍሷ የመመረቂያ ሥራዋን ቤት ይዛ መጣች። የተዋሰችው ማይክሮስኮፕ፣ ትንንሽ ፌስታሎች... ውስጣቸው ከቀይ ባሕር ወለል በረጅም ቱቦ የወጣ፣ ታጥቦ የደረቀ ደለል። ጎረቤቴ የሺ በር ላይ ቆማ፣ «ልጅሽ አሸዋ ትለቅማለች አሉ። ምስር ብትለቅም አይሻልም?»

ሳቅኩ። በማይክሮስኮፑ ሳየው ግን... ወይ ጉድ! ዛጎል ነው። ከጤፍ ያነሰ፣ ግማሹ የተጠመዘዘ፣ ግማሹ እንደ ፈንድሻ ያበጠ።

«ትንንሽ ፍጥረቶች ናቸው፤ ተንሳፍፈው ኖረው፣ ሲሞቱ ወለሉ ላይ ይተኛሉ፣ እማዬ። በላያቸው ሌሎች። ፌስታሉ ሁሉ የየራሱ ዘመን አለው። ባሕሩ ያኔ ምን እንደደረሰበት ይናገራሉ።»

የሰፈር ወሬ የማይበቃኝ ሴት፣ አሁን ደግሞ የባሕር ወሬ!

ጥር 19

ባለቤቴን እንድሪስን ምን ልበለው? እህል ነጋዴ ነው፤ እህል በረንዳ ናሙና የሚያሳየው ከየጆንያው ዘግኖ፣ ደባልቆ ነው። ገዢ እንዳይታለል። ዛሬ ልጁን ሊያግዝ... ፌስታሎቿን ሁሉ ትሪ ላይ ገልብጦ በእጁ አማሰላቸው!

«አንድ ባሕር አይደል እንዴ?»

ሀፍሷ አልጮኸችም። ቁጭ አለች። «አባዬ፣ የቱ ከላይ፣ የቱ ከታች እንደነበረ አሁን ማን ይነግረኛል?»

ምርቃቷስ?

ጥር 20

«እማዬ፣ ምሳ ቀርቧል በይው።» «ልጅሽን ጠግቤያለሁ በያት።» አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው! እኔ ስልክ ሆንኩ።

ጥር 23

እንድሪስ ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ «ነይ፣ ዩኒቨርሲቲሽን አሳይኝ» አላት። መምህሯ ፊት ቆሞ፣ «እሷ አላጠፋችም፣ ጌታዬ። እኔ ነኝ» አለ አሉ። እሱ? ይሄ ደረቅ ሰው?

የደለሉ ግማሽ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ለክፉ ቀን ተቀምጧል። ይሰጧታል። ግን እንደገና ማጠብ፣ መንፋት፣ መልቀም... ዘንድሮ አትመረቅም።

ሰኔ 30

ጓደኞቿ ተመረቁ። የሺ «የእናንተዋስ?» አለች። «ባሕሩ አላለቀላትም» አልኳት። ውስጤ ግን...

ከሰዓት እንድሪስ እንደ አዲስ የታጠበውን ደለል ሊለቅምላት ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ቆየ። ድንገት ቀና አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሀፍሷዬ... ይሄኛው ባዶ ነው። አንድ ዛጎል የለበትም። ደግሞ ምን ነካሁ?»

ዘላ አየች። ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ምንም አልነካህም አባዬ! በበረዶው ዘመን ውሃው ወርዶ፣ ከውቅያኖስ ጋር የሚገናኝበት በር ጠበበ። ጨው በዛ። ያኔ አለቁ። ይሄን ባዶ ነበር የምፈልገው!»

እንደገና በማይክሮስኮፑ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ...

«ተደባልቆ ቢሆን አይታይም ነበር።»

«አይታይም ነበር።»

ፌስታሉን ራሱ አሰረው። ከታችኛው በላይ፣ ከላይኛው በታች፣ ቦታው ላይ አስቀመጠው።