ወንድሜ ዳግመኛ ደም እንዳይሰጠኝ

ለመልካ ገፈርሳ ጠቅላላ ሆስፒታል ሜዲካል ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት
ቡራዩ

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የአንጀት መድማቴን የሚገታ መድኃኒት እንዲፈቀድልኝና ወንድሜ እንዲመረመር ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ያለምወርቅ ሞቱማ የሆስፒታሉ ተመላላሽ ታካሚ ነኝ። ከወላጅ የሚወረስ የደም ሥር ሕመም አለብኝ። የደም ሥሮቼ ስስ በመሆናቸው አፍንጫዬ ይነስራል፤ አንጀቴም ሳይታወቀኝ ይደማል። አባቴ ኦቦ ሞቱማ ሰገራቸው ጠቁሮ፣ ፊታቸው ነጥቶ እስኪያርፉ ድረስ እኛ ጨጓራ ነው ብለን ተልባ እናጠጣቸው ነበር። ነስሩንማ የቤታችን ምልክት ነው እያልን እንሳሳቅበት ነበር።

1. ሐኪሜ ዶክተር ጌዲ መሣሪያ ወደ አንጀቴ አስገብተው የሚደማውን ቦታ ደጋግመው ተኩሰውልኛል። የብረት ማዕድንም በደም ሥሬ ይሰጡኛል። ሆኖም አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይደማልና በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ሆኖብናል።

2. ስለዚህ ደካማ የደም ሥሮች እንዳይበዙ የሚያደርገውን፣ ለካንሰር ታካሚዎች የሚታዘዘውን መድኃኒት እንድሞክር ለመድኃኒት ኮሚቴው ጽፈውልኛል። መልስ አልመጣም። ከእኔ የባሰበትን ሰው ድርሻ መሻማት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ የምጠይቀውም እያፈርኩ ነው።

3. ያስደፈረኝ የታናሽ ወንድሜ የዲሪርሳ ነገር ነው። በእኛ ዘንድ የሥጋ ዘመድ እያለ ጎረቤት ደም ቢሰጥ ነውር ነው። ባለፈው ወር ደሜ አልቆ ሆስፒታል ስተኛ ከእርሻው ተጠርቶ መጣ። ነርሷ ነስር እንዳለበት ስትጠይቀው፣ ኧረ እኔ የበሬ ጉልበት አለኝ አላት። እየነሰረው እንዳደገ አውቃለሁ። አጠገቡ ተኝቼ ዝም አልኩ፤ ደሙን ፈልጌው ነበርና። እሱም ሰጠኝ። አሁን ዳገት ሲወጣ መንገድ ላይ እየቆመ ያርፋል፤ ከንፈሩም እንደ አባታችን ነጥቷል። ተመርመር ስለው፣ አንቺ ብቻ ዳኚልኝ ይለኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሕሊናዬም አላሳርፍ ብሎኛል።

ስለሆነም ኮሚቴው በጉዳዬ ላይ ቁርጡን እንዲያሳውቀኝ፣ መድኃኒቱ ባይፈቀድልኝ እንኳ ወንድሜ እንዲመረመርና ከእንግዲህ ደም እንዳይወሰድበት በትሕትና አመለክታለሁ።

በመጪው ሰኞ ለቀጠሮዬ አጅቦኝ ይመጣል። ደም የሚሰጥ መስሎት እጅጌውን ይሰበስባል። ደሙ የሚያስፈልገው ለራሱ መሆኑን ልነግረው ብሞክር አፌን ያዘኝ። እባክዎ፣ ዶክተር ጌዲ አስቀድመው እንዲነግሩትና፣ ከፈቀደ ለምርመራ የሚበቃውን ብቻ እንዲቀዱለት ይዘዙልኝ።

በአክብሮት እጅ ነስቼ፣ ከሰላምታ ጋር

ያለምወርቅ ሞቱማ
(ፊርማ)